አፍስሼ የለቀምኳቸው ጥርሶች

ዓርብ

ጣልኩት። ሀላስ፣ ተገላገልኩ። እጄ ግን አሁንም ጭስ ጭስ ይለኛል፤ በሳሙና ደጋግሜ ብታጠብም አልለቀቀኝም።

ለሰው መናገር ስለማይቻል ለዚህ ደብተር ልንገረው። እዚህ ግቢ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ የለም።

ዛሬ አሠሪዬ ሀጃ ነፊሳ ዘመዳቸው ቤት ለቅሶ ደርሰው ሲውሉ፣ ፍራሻቸውን ፀሐይ ላስመታ ብዬ አነሳሁት። እኚህ ሴትዮ አልጋቸውን ለማንም አያስነኩም። ጉልበታቸው እንቢ እያለ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ራሳቸው ናቸው የሚያነጥፉት። እኔም ከረመዳን ጀምሮ ስሠራላቸው «ሰው ማስቸገር አይወዱም» ብዬ ትቼው ነበር። ፍራሹ ብድግ ሲል በራስጌ በኩል አንዲት አሮጌ ካኪ ከረጢት። ፈታኋት።

ጥርስ! ወላሂ ጥርስ።

የሰው አይደለም። የበግም የውሻም አይደለም። ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ የሚዋጋ፣ አንዳንዱ ጥቁር አንዳንዱ አመድማ። ትልቁ አውራ ጣቴን ያህላል፣ ትንሹ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። እያንዳንዱ በጥቁር ክር ታስሯል። ክሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ ጉንዳን የመሰለ የደቀቀ ጽሑፍ፣ ግማሹ አረብኛ፣ ግማሹ የፈረንጅ ፊደል። ጥርስ፣ ቋጠሮ፣ ጽሑፍ፣ ያውም ከታማሚ ራስጌ ሥር! ይሄ ድግምት ካልሆነ ሌላ ምን ድግምት አለ?

ሀጃ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሰውነታቸው አልቆ የሚጠቀለሉበት ጨርቅ፣ ቶቡ፣ ብቻውን የሚራመድ ይመስላል። ሐኪሞቹ ደግሞ «ምንም የለብዎትም» ይላሉ። ምንም የለባቸውም! ይኸው ምን እንዳለባቸው።

ሰዓዳ ጋ ደወልኩ። ሰዓዳ የከሚሴ ልጅ ናት፣ አብሮ አደጌ፤ ዴም ሰፈር ውስጥ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ታበስላለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ታውቃለች። «እንዳትነኪው!» አለች። ነክቼዋለሁ አልኳት። «በይ እንግዲህ ከቁርኣን ሱረቱል ፈለቅን እየቀራሽ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፍቺው። ጽሑፉን አቃጥዪው። ጥርሱን ወራጅ ውሃ ላይ ጣይው። ደሞ ለማንም እንዳትተነፍሺ! ከተነፈስሽ ወዳንቺ ነው የሚዞረው።»

ያለችኝን አደረግኩ። ጓሮ ተቀምጬ በየቋጠሮው ላይ ፈለቅን ቀራሁ፤ ምላሴ ደረቀ። ወረቀቶቹን በወተት ጣሳ ውስጥ አቃጠልኳቸው። ከዚያ በራክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ፣ ወደ መንሺያ ድልድይ። ከድልድዩ በታች ባለው ዳርቻ ወረድኩና በእፍኝ በእፍኝ ወረወርኩት። ጠለቅ ብዬ መግባት ፈራሁ፤ አብዛኛው እዚያው ውሃው ጉልበት በማይደርስበት ላይ ወደቀ። ግድ የለም፣ ወራጅ ነው። ከኛ አገር የሚመጣው ውሃ ነው፤ «በል ውሰድልኝ» አልኩት።

ማን እንዳሠራው አውቄያለሁ። አደም ነው፤ ሁሉም «አም»፣ አጎት፣ የሚለው የበራችን ጋፊር፣ ዘበኛው። ከምዕራብ በኩል የመጣ ሽማግሌ፣ ክንዱ ላይ በቆዳ የተሰፋ ሒጃብ፣ ክታብ፣ ያስራል። ሰዉ ሁሉ «የዚያ አገር ሰው ክታብ መጻፍ ያውቅበታል» ይላል። ከዒድ በፊት ያን ፍራሽ ተሸክሞ ጥጡን አስነድፎ ያመጣው ማን ሆነና! እና እኔ ሞኟ በየጥዋቱ ሻይ እወስድለታለሁ፤ እሱም በየጥዋቱ «ያ ቢቲ፣ ስኳሩ አነሰ» ይለኛል። ልጄ ማለቱ ነው። በዚህ ደብተር «እሳቸው» እያልኩ ስጽፈው የኖርኩ ሰው! ከዛሬ ወዲያ «እሱ» ነው።

ቅዳሜ

ለፈጅር ስነሳ ሀጃ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ፍራሹ ተገልብጦ። «ከረጢቴስ?» አሉኝ። «የቷ ከረጢት?» አልኩ። ከአፌ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

ስለዚህ ያውቋታል! ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። መቼም መድኃኒት ነው ብሎ የሰጣቸው እሱ አደም ይሆናል። እሳቸውም የዋህ ናቸው፣ ተቀበሉ። ሰው ራሱን የሚበላውን ነገር ትራስ አድርጎ ይተኛ! ባሏ የሞተባት ሴት ምን የማታምነው አለ?

ቁርስ አልነኩም። ፉሉ እንደቀረበ ተነሳ። ልጃቸው ዒሳም ጋ ደወሉ። በስልክ «አማናው ጠፋ፣ የአባትህ አማና» ሲሉ ሰማሁ፤ አደራው ማለታቸው ነው። የአባትህ? ይህ አልገባኝም። ሰዓዳ ግን ስደውልላት «ዝም በይ፣ ሲለቅ እንዲህ ያንገበግባል» አለችኝ።

እሑድ

ዒሳም መጣ። መሐንዲስ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ነው የሚኖረው፤ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። ዛሬ ከገባ ጀምሮ ቀልቶ ነበር። እኔንና አደምን ሳሎን አቆመን።

«ፍራሹን የሚነካ ማን ነው?» አለኝ።

«ሀጃ ማንንም አያስነኩም» አልኩ። ያ በቂ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ጨመርኩ፤ «ከዒድ በፊት አም አደም ተሸክሞ ወስዶ አስነድፎታል።» እውነት ነው፣ አልዋሸሁም። ዒሳም ወደ እሱ ዞረ።

አደም «ወላሂ ምንም አላየሁም» አለ። ደጋግሞ። ሀጃ «ተወው፣ ሰውየውን ተወው» ይላሉ፣ ግን ድምፃቸው አይሰማም። ዒሳም ጮኸ። የጎረቤት ጋፊሮች ሁሉ በር ላይ ተሰበሰቡ። አደም የውዱእ ማንቆርቆሪያውን፣ ምንጣፉን፣ ሬዲዮኑን ያዘና ወጣ።

በሩ ላይ ቆም አለና «ያ ቢቲ፣ ሀጃን አደራ። የማታውን ኪኒን ይረሳሉ» አለኝ።

 ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ

የት አባቴ ልግባ።

ከዐስር ሰላት በኋላ የሀጃን ጉልበት በሰሊጥ ዘይት ሳሽ፣ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ጥርሶቹ የሻርክ ናቸው። ሻርክ፣ ያ በቴሌቪዥን ሰው ሲያሯሩጥ የማየው የባሕር አውሬ! ድንጋይ ሆነዋል እንጂ ጥርስ ናቸው። ሀጃና ባላቸው በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ ነው የለቀሟቸው። ፋዩም የሚባል በረሃ አለ፤ ድሮ፣ የሰው ልጅ ሳይፈጠር፣ ባሕር ነበር። ውሃው ሲሄድ አሸዋው ላይ ጥርሱ ቀረ። አዲስ ሙሽሮች ሆነው በየዕረፍቱ እየሄዱ ይለቅሙ ነበር፤ ማን ብዙ እንደሚያገኝ ይወዳደራሉ። ባልየው በኋላ የድንጋይ አስተማሪ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ወረቀት አሰሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ እና ያገኘውን ሰው ስም፤ «ነፊሳ አገኘችው» ወይም «እኔ አገኘሁት»። አንዱ ላይ ደግሞ «ነፊሳ ናት ያገኘችው፣ እኔ ነኝ ብዬ ዋሽቼ ነበር» ብለው ጽፈዋል። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ሀጃ ሲስቁ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እጄን ሰድጄ አንዱን አወጣለሁ። በጣቴ ዳብሼ የትኛው ቀን እንደሆነ አስታውሳለሁ። ሌባው ጥርሱን ይውሰደው ልጄ፣ ወረቀቱን ቢመልስልኝ። ሌላው ጽሑፉ ሁሉ ስለ ድንጋይ ነው። እኔ ያለሁበት ያ ብቻ ነው።»

የዘይቱ ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ። «ማሌሽ» አሉኝ፤ ግድ የለም ማለታቸው ነው። እኔን «ማሌሽ» አሉኝ!

አቃጥዬዋለሁ። በወተት ጣሳ። አመዱን ለበረንዳዋ ጽጌረዳ አፍስሻለሁ።

እና አም አደም። እሳቸው። ይቅር ይበለኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ «እሱ» እያልኩ የጻፍኳቸው፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው። ደጋሚ አልኳቸው፤ በእኔ አፍ ሌባ ሆነው ወጡ። ያውም በአላህ ቃል ነው ያን ሁሉ ያበላሸሁት፣ ፈለቅን እየቀራሁ። ምላሴ ይቆረጥ። አይ፣ ምላሴ ምን አደረገ፤ መጀመሪያ እጄ ይቆረጥ።

ማክሰኞ

ሱቅ ልሂድ ብዬ ወጣሁ፤ ዘንቢል ውስጥ የዱቄት ወንፊቱን ደብቄ። መንሺያ ድልድይ ሥር ወረድኩ።

ውሃው ሸሽቷል። ዓርብ እግሬን ያራስኩበት ቦታ ዛሬ ጭቃ ነው፤ ከላይ በኩል ገበሬዎች ባቄላ ሊዘሩበት መስመር አውጥተዋል። ቶቤን ሰብስቤ ጭቃውን በእጄ እየዛቅኩ፣ በውሃ እያጠብኩ ወነፍኩ። ጠጠር። ጠጠር። የቀንድ አውጣ ቤት። የቢራ ክዳን፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። እናቴ ምስር ስታስለቅመኝ «ምስሩን አትዪ፣ የተለየውን ብቻ ጠብቂ» ትለኝ ነበር። ጠበቅኩ። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ አንድ ነገር ወንፊቱ ጥግ ላይ ብቅ አለ። ጥርስ! ጮኼ ስሜዋለሁ ብል ማን ያምነኛል? ዓርብ ዕለት ጂኒ የመሰለኝን ነገር ዛሬ ከነጭቃው ሳምኩት።

ጩኸቴን ሰምተው መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች መጡ። «ምን ጠፋብሽ?» ምን ልበል? «የወርቅ ጉትቻ» አልኩ። ሌላ ውሸት። እነሱ ደግሞ ደግ ሰዎች ናቸው፤ መረባቸውን ትተው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። የሌለ ጉትቻ ይፈልጉልኛል! «አይዞሽ እህቴ፣ ዓባይ አማና አይበላም» ይላሉ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አነሳ፤ አየው፤ «ድንጋይ ነው» ብሎ ወደ መሐል ወረወረው። ትልቁ ነበር፣ አውራ ጣቴን የሚያህለው። «ወይኔ!» ብዬ ስጮህ ጉትቻዬን ያየሁ መስሏቸው ሁሉም ወደኔ ሮጡ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እፍኝ አይሞላም ግን ጥቂት አግኝቼ ነበር። ለሰዓዳ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለችና ሳቀችብኝ። ማን አቻኮለኝ! ቀጥላ ግን ድምጿ ተለወጠ፤ «እንዳትናገሪ ዘሃራ። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ በዒሳም ስም ነው። የጋፊር ዕዳ ብለሽ አገርሽ ልትመለሺ ነው? በዘዴ አድርጊው።»

ዘዴ ዘየድኩ። ጥርሶቹን አጥቤ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ሀጃ ለመግሪብ ሲሰግዱ ከቁምሳጥናቸው ጀርባ ጣልኳቸው። ነገ ስጠርግ አገኘሁ እላለሁ። ወድቀው ነበር ይባላል፤ አም አደም ይመለሳሉ። ማንም አይጎዳም፣ ኢንሻአላህ።

ረቡዕ

እኔ ብልጥ! እኔ ዘዴኛ! ጅብ ይብላኝ።

ጠረግኩ፣ «አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሀጃ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ደስታቸው አንድ ደቂቃ አልቆየም። «ክሩስ? ወረቀቱስ? ሌሎቹስ?» ከአንዱ ጥርስ ላይ ቀጭን ጭቃ በጥፍራቸው ፋቁና አሸተቱት። 

ዒሳም ማታ መጣ። አየ፣ አሰበና ጆሮው ቀላ። «ገባኝ። ሽማግሌው ፈርቷል። እኛ ሳናይ በጓሮ ገብቶ ጥቂቱን መልሶ ጣለ። የበሩን ቁልፍ ያውቀዋል። ይሄ እኮ ማስረጃ ነው! ቅዳሜ ሹርታ ጋ እሄዳለሁ።» ፖሊስ ማለቱ ነው።

ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር።  ተናገሪ ዘሃራ! አሁን ተናገሪ! አልተናገርኩም። ትሪውን አስቀምጬ ወደ ማጀት ገባሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ ለምን እንደማለቅስ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር። ሽንኩርቱ ለምንም ወጥ አልተፈለገም ነበር።

ሐሙስ

የጎረቤት ጋፊር ነገረኝ፤ አም አደም ሳጃና ሰፈር ውስጥ ያላለቀ ሕንፃ የሚጠብቅ የእህታቸው ልጅ ጋ ናቸው። ሄድኩ። ከሲሚንቶ ከረጢቶች አጠገብ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። «ሀጃ ደህና ናቸው? ኪኒኑን ይወስዳሉ?»

ይሄኔ መሬት ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከረጢቱን፣ ቋጠሮውን፣ እሳቱን፣ ወንዙን። ስለ ፍራሹ ለዒሳም የተናገርኩትን። ከቁምሳጥን ጀርባ የጣልኩትን። ሹርታ የተባለውንም።

ሲሰሙ ቆዩ። ስለ ሌብነቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«ማን የደገመባቸው መሰለሽ?» አሉኝ።

«እኔን ነው?» ብለው ጨመሩ።

«እርስዎን» አልኩ።

ሬዲዮኑን ዘጉት። ክንዳቸውን ገለጥ አድርገው ቆዳውን አሳዩኝ። «ይሄ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አንቺም የምትቀሪው አያተል ኩርሲ ነው፣ የአላህ ቃል። ከቤት ስወጣ እናቴ ናት የሰፋችልኝ።» እጅጌያቸውን መልሰው ሸፈኑት። «ሌባ ያለኝን ዒሳምን ይቅር እለዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ አዝዬዋለሁ። ሳሂር፣ ደጋሚ ያልሽኝ ግን አንቺ ነሽ። አንቺ ቤቱ ስትገቢ እኔንም መክረውኝ ነበር፤ ‹ሀበሻ በዓይኗ ሰው ትበላለች፣ ከእጇ ሻይ እንዳትጠጣ› አሉኝ። እኔ ግን በየጥዋቱ ጠጣሁልሽ።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እግራቸው ላይ ወድቄ «አፉ በሉኝ» አልኩ። አፉ አላሉኝም። እግራቸውን ሰብስበው፣ «ስሜ በዚያ በር ነው የወጣው። በዚያው በር ይግባ። ከዚያ በኋላ እኔና አንቺ እንነጋገራለን» አሉ።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። በራክሻ መቀመጥ አስጠላኝ።

ዓርብ

ተናገርኩ።

ዒሳም ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ እናቱና እሱ በተቀመጡበት። ልብሴን ቀድሜ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ።

ዒሳም መሐል ላይ ጮኸ። ሀጃ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። አልጮኹም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ወረቀቱን ሁሉ?»

«ሁሉንም።»

«አንድም አልቀረም?»

«አንድም።»

ቶባቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ከሥሩ ምን እንደሚሆኑ አይታይም፤ ትከሻቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ዱላ ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ዒሳም «ሻንጣሽን ያዢ፣ ያላ» አለኝ። ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሀጃ ከቶባቸው ሥር ተናገሩ።

«ለምን ብለሽ ነው ያደረግሽው?»

«ላድንዎት ብዬ።»

«የትም አትሄድም» አሉ። «ያፈሰሰችውን ትልቀም። ከዚያ በኋላ አያለሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «አንተ ደግሞ መኪናህን አስነሳ። ሰውየውን ያስወጣኸው ጎረቤት እያየ ነው። ጎረቤት እያየ ታስገባዋለህ።»

ዒሳም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁ። ይህን ስጽፍ እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። «አያለሁ» ያሉት ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

ቅዳሜ

አም አደም ተመለሱ። ዒሳም ራሱ ማንቆርቆሪያቸውን ይዞላቸው፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ «ማሌሽ ያ አም አደም፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። አም አደም የዒሳምን ራስ ሳሙ። ማዶ ያለው ጋፊር አጨበጨበ። እኔ ከመስኮት ጀርባ ነበርኩ።

ሻይ ወሰድኩላቸው። ስኳሩን እንደሚወዱት ቆለልኩት። ተቀበሉኝ፤ «ሹክረን» ብለው አመሰገኑኝ። «ያ ቢቲ» አላሉም። ብርጭቆውን ከወንበራቸው አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡት። ስመለስ እዚያው ነበር፣ በርዶ፣ ዝንብ ገብቶበት። ደፋሁት።

እሑድ

ሀጃ፣ አም አደምና እኔ፣ ሦስታችን ወንዝ ወረድን። ሀጃ ናቸው ያሉት። ዒሳም አደረሰን፤ የፕላስቲክ ወንበር ለእናቱ ጭቃው ዳር ዘረጋላቸው። ሀጃ ከዘራቸውን ይዘው እንደ ሹም ተቀመጡ። «ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት አትፈልጉ፤ ፀሐይን ከጀርባ አድርጉና ከጥላችሁ ወዲያ ያለውን እዩ» ብለው አዘዙን። ድሮ በረሃው ላይ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ዓሣ አጥማጆቹ አዩኝና «ጉትቻሽ ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። «ጉትቻ አልነበረኝም፤ ዋሽቻችሁ ነው» አልኳቸው። ተያዩ። አንዱ ሳቀ። ሌላኛው፣ ትልቁን ጥርስ የወረወረው፣ «ታዲያ ምንድነው የምትፈልጉት?» አለ። ሀጃ አንዱን አሳዩት። ፊቱ ተለወጠ። ልብሱን አውልቆ ባለፈው የወረወረበት ገብቶ ብዙ ጠለቀ። አላገኘውም።

አም አደም ከእኔ ራቅ ብለው ነበር የሚለቅሙት። ድንገት ቀና አሉ። እጃቸው ላይ ትንሽ፣ አመድማ፣ ጫፉ ያልተሰበረ። ለሀጃ ሰጧቸው።

ሀጃ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ጥቁር ክር፣ ነጭ ወረቀት፣ ብዕር። ለካ አዘጋጅተው ነው የመጡት። ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ከዚያ «መንሺያ»፣ ከዚያ «አደም አገኘው»። ክሩን ለእኔ ዘረጉልኝ። «አንቺ ፈታሽው። አንቺ እሰሪው።»

አሰርኩ። ቋጠሮው ሁለቴ ከዳኝ። ከዚያ እኔ ያገኘኋቸውን አንድ በአንድ አወጡ። በጣታቸው ይዳብሷቸዋል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። አንዳንዱን «ይሄ የኔ ነው፤ ውሃችን ያለቀብን ቀን» አሉ። አንዳንዱን «ይሄ የእሱ» አሉ። አንዷን ግን ደጋግመው ዳበሷት፣ አገላበጧት፣ ወደ ብርሃን አደረጓት። «ይሄን ማን እንዳገኘው ረሳሁት» አሉ። ወረቀቱ ቢኖር ይነግራቸው ነበር።  ቆይተው ጻፉባት፤ «ዘሃራ አገኘችው።» ስሜን በእጃቸው ጽፈው ሲሰጡኝ ደስ አላለኝም። አሰርኩት ብቻ። እንደዚያ ያለ ከባድ ቋጠሮ አስሬ አላውቅም።

ሰኞ

ሀጃ ሌሊት ተኝተው ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም። ከእንግዲህ አልጠይቅም። ፍራሻቸውን ግን ዛሬ እኔ እንዳነሳ ፈቀዱልኝ። ከረጢቷ ሥሩ ነበረች፣ ከድሮው በጣም የጎደለች። አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ አነጠፍኩ፣ መልሼ ቦታዋ አኖርኳት። ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ ወንዝ እንወርዳለን። ገበሬዎቹ ሳይዘሩበት ማድረስ አለብን፤ የተረፈውን አላህ ያውቃል።

ለአም አደም ሻይ ይዤ ወጣሁ። ባለፉት ቀናት ስኳር እየቆለልኩ ሞክሬ አልሆነም። ዛሬ ተስፋ ቆርጬ እንደ ድሮዬ አፈላሁት። ብርጭቆውን አቀበልኳቸው፤ ሊመልሱት ነው ብዬ ቆምኩ። ወደ ብርጭቆው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ቢስሚላህ ብለው ፉት አሉ።

አፉ አላሉኝም። ፊታቸውን ቋጠር አድርገው፣ «ያ ቢቲ፣ ስኳሩ አነሰ» አሉኝ።

ስኳር ላመጣ ሮጬ ገባሁ፤ ማጀት ስደርስ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ፣ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።